ከገደሉ የወጣው መስፍ

ማንደፍሮ የብየዳ ቤቱን የሚከፍትበት የራሱ ወግ ነበረው። የቆርቆሮውን በር በትከሻው ገፋ አድርጎ በድንጋይ ያስደግፋል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውኃ ሲቀበል ያደረውን ባልዲ ደፍቶ መልሶ ቦታው ያስቀምጣል፤ ከዚያም ትናንት በጅምር የተወውን የበር ፍሬም ወይም የጭነት መኪና መከላከያ በእጁ ጀርባ ዳበስ ዳበስ ያደርጋል። አፋፍ የምትባለው ከተማ ተራራው አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። አገር አቋራጩ አስፋልት መሃሏን ሰንጥቆ ያልፍና ከማንደፍሮ ቤት ጀርባ ተጠምዝዞ ወደ ቆላ ይወርዳል። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተሳበ ወጥቶ ከተማዋን ሲውጣት የመኪኖች መብራት በቀትር ይደበዝዛል፤ ሰውም የሚተዋወቀው በመልክ ሳይሆን በሳሉና በእርምጃው ነው። ማንደፍሮ እዚያው ተወልዶ ስላደገ ጉሙ አያስፈራውም። የሚያስጨንቀው ጉሙ ተሸክሞት የሚመጣው ድምፅ ነው። በጉም ቀን ከገደሉ በታች የወደቀ ጠጠር እንኳ ጆሮ ሥር የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ ክረምት ሲገባ የብረት መሞረጃውን ግራይንደር በጠዋት ያስነሳል፤ ሥራ ሲጠፋም የወዳደቀ ብረት እያነሳ ይሞርዳል። ከጎኑ ጎማ የሚለጥፈው እንድሪስ፣ "ይሄ ሰውዬ ዝምታ ያሳክከዋል" እያለ ይስቅበት ነበር።

አስካለ የመጣችው እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የተሸካሚዎች ማቃሰት ተሰማ፤ ቀጥሎ በወፍራም አጠና ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ከጉሙ ወጣ፤ ከኋላው ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች ሴት ነበረች። ሰዎቹ ሸክማቸውን በሩ ላይ ሲያራግፉት የማንደፍሮ እግር ሥር ያለው መሬት ድም አለ።

"እንዴት አደርክ፣ ጋሼ ማንደፍሮ?"

በድምፅዋ አወቃት። አስካለ ብረት ሥራ ያስተማረው የቀጥቃጩ የጥላዬ ልጅ ናት። ከአፋፍ ዝቅ ብሎ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ከተቀመጠችው የቀጥቃጮች መንደር፣ ከሥረ ገደል፣ ወደ ላይ የምትወጣው ለገበያ ብቻ ነው። ማንደፍሮም በሩቅ ባያት ቁጥር መንገድ መቀየር ከለመደ ዘመን ሆኖታል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "ምንድነው እሱ?"

አስካለ አጎንብሳ ጆንያውን ገለጠችው። ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስተኝቶ የሚመታበት ባለ ቀንድ ብረት፣ መስፍ ነበር። ቀንዱ ከጫፉ ተሰብሯል። የፊቱ አንድ ጠርዝ ጥርስ የገመጠው መስሏል። ከፊቱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወርዶበታል፤ ዝገቱም እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላልጧል። ከጎኑ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል፣ መዶሻ የማይመታው ቦታ ላይ፣ ትንንሽ ጉድጓዶች ተሰብስበው ነበር። ድንጋይ የያዘ ሰው ተኝቶ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲመታ የሚተወው ዓይነት ጠባሳ ነው። ማንደፍሮ አየውና ዓይኑን ወደ ቀንዱ መለሰ።

"መንገድ የሚያሰፉት ሰዎች ዶዘር ነው ያወጣው" አለች አስካለ። "ከታች፣ ከወንዙ ዳር።"

"ይሄማ አለቀለት እኮ። ቁርጥራጭ ለሚገዙት ካልሆነ በቀር…"

"እንድትጠግነው ነው ያመጣሁት።"

"አስካለ፣ ባልሽ ሌላ መስፍ የለውም?"

"አለው። ይሄን የፈለግሁት ለሥራ አይደለም፤ ድምፁ እንዲመለስ ነው። አባባ ሲመታው እንዴት ይጮህ እንደነበር ከኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ ከሥሩ የዋልከው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ጋ ብወስደው አይሆንም።"

እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ዓይኗን ቀና አድርጋ ስታየው፣ ለእሷ "አይሆንም" የሚል ቃል ከአፉ መውጣት የሚችል አልመሰለውም። "ተይው እስቲ" አለ፤ እሷም ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ወደ ጉሙ ገባች።

ቀኑን ሙሉ ሳይነካው ዋለ። የአንድ ሰው መስኮት ብየዳ ጨረሰ፤ የሌላውን ማጠፊያ ቀየረ። በመስፉ አጠገብ ሲያልፍ ግን ሳያስበው ክብ ሠርቶ ያልፍ ነበር፤ የተኛ ሰው እግር ላለመርገጥ እንደሚደረገው። በማግስቱ የሽቦ ብሩሽ አነሳና ዝገቱን መፈግፈግ ጀመረ። ዝገቱ ደረቅ መሆን ሲገባው እርጥብ ሆኖ ይወጣል፤ መዳፉ ላይ ቀይ ጭቃ እየሆነ ይጋገራል። ሽታው የብረት ብቻ አልነበረም። ከሥሩ ሌላ ሽታ አለ፤ ከእሳት ዳር የዋለ የቆዳ ሽርጥ፣ በላዩ ላይ ደጋግሞ የደረቀ ላብ። ማንደፍሮ ብሩሹን አስቀምጦ እጁን በሳሙና ታጠበ። ከዚያም፣ የትኛውም ብረት ሠሪ የተሰነጠቀ ነገር ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ ጉዳቱ እስከ የት እንደሚደርስ ለመስማት ትንሿን መዶሻ አንስቶ የመስፉን ፊት አንዴ መታ።

ዱፍ አለ። ድምፅ የሌለው፣ የሞተ ብረት ነው።

መዶሻውን ሊያስቀምጥ ሲል ከቤቱ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ ከገደሉ በታች መልስ መጣ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል።

ማንደፍሮ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። መንገድ ሠሪዎቹ ናቸው አለ በልቡ። ግን መንገድ ሠሪዎቹ በጉም እንደማይሠሩ ያውቃል፤ ያንን የምት ስልት ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ጥላዬ ብረቱ ግሎ ሲወጣ ባዶውን መስፍ በትንሿ መዶሻ እንደዚያ መትቶ ነበር የሚጠራው። ከባዱን መዶሻ የሚያነሳው ማንደፍሮ ነበርና፣ የትም ይሁን፣ ከሰል ሲያወርድም ሆነ ደጅ ቆሞ ሲያወራ፣ ያ ምት ሲሰማ "ና" መባሉ ነው። በስሙ ተጠርቶ አያውቅም፤ ስሙ ያ ምት ነበር።

ያ ሁሉ የሆነው ማንደፍሮ ገና ጢሙን መላጨት በጀመረበት ዘመን ነው። በዚያ ክረምት የከተማው ልጆች እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ሰዉ ውኃውን ከመጠርጠር ይልቅ ቀጥቃጩን ጠረጠረ፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ተባለ። አንድ ጠዋት ወንዶቹ በትር በትራቸውን ይዘው ወደ ሥረ ገደል ወረዱ፤ ማንደፍሮን ወናፉ አጠገብ አገኙትና ጠየቁት። ትናንት ሌሊት አንድ የከተማው ልጅ ሲያጣጥር ጥላዬ ቤቱ ነበር ወይ አሉት። ነበር። ወባ ጥሎት መደቡ ላይ እየተንቀጠቀጠ አድሯል፤ ማንደፍሮም አጠገቡ ተቀምጦ እስኪነጋ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብስ ነበር። "አልነበረም" አለ። ለምን እንዳለው አያውቅም ቢባል ውሸት ይሆናል። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ "አንተስ ከነሱ ወገን ነህ?" በሚል ዓይን አይቶት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

አስምለን እንለቀዋለን ብለው ጥላዬን ገደሉ አፍ ላይ አወጡት። ዳግመኛ እንዳይቀጠቅጥ ብለው መስፉን በፊቱ ወረወሩት። ከዚያ ጉም ወረደ፤ ጉሙ ሲገለጥ ጥላዬ አልነበረም። ራሱ ዘለለ ያሉ አሉ። ተሰወረ ያሉም አሉ። ገፋሁት ያለ ግን የለም። ከቀትር በኋላ ነው ድምፁ ከታች የተሰማው፤ ድንጋይ ብረት ላይ ሲመታ። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል። አፋፍ በሙሉ ሰምቷል። ሰዉ ያን ቀን ጮክ ብሎ ያወራ ነበር፤ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። በማግስቱም ተሰማ፤ በምቶቹ መካከል ያለው ዝምታ ግን እየረዘመ ሄደ። ማንደፍሮ እናቱ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ፣ ዝምታው ሲረዝም "አበቃ" እያለ፣ እንደገና ሲጀምር ደግሞ ጥርሱን እየነከሰ ዋለ። ከዚያ በእውነት አበቃ። ወርዶ ያየ ሰው አልነበረም።

ስንጥቁን ለመበየድ መጀመሪያ በግራይንደር ከፍቶ ንጹሕ ብረት ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ማንደፍሮ መነጽሩን አጥልቆ ገባበት። የእሳት ፍንጣሪው እየዘነበ፣ ዲስኩ እየጮኸ፣ ቢያንስ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሌላ ነገር ሊሰማ አይችልም ብሎ ተጽናና። ስንጥቁ ግን የሚያልቅ አልሆነም። ደረስኩ ሲል ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል፤ ያንን ሲከተል መስመሩ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል። ብረት እንዲህ አይሰነጠቅም። በዚያ ላይ ከስንጥቁ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር። ጓንቱን አውልቆ ጣቱን ወደ ውስጥ ቢሰድ፣ ዲስክ ሲፋጭበት የዋለው ብረት እንደ ወንዝ ድንጋይ በርዶ አገኘው።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። ግራይንደሩ እያቃሰተ ቆመ፤ ዝምታው ቤቱን ሞላው። የባልዲው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ማንደፍሮ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። መዶሻ አልነካም፤ ምንም አልመታም። ቢሆንም መጣ። አሁን ከገደሉ በታች አልነበረም፤ አስፋልቱ ከሚጠማዘዝበት፣ ሴቶች ቆሎ ከሚሸጡበት ኩርባ ነው። አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል።

እንድሪስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በበሩ ብቅ አለ። "አንተ፣ ከጀርባህ ሌላ ቀጥቃጭ አስገባህ እንዴ?"

"ምን ሰማህ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ኳ ኳ ይላል። አንተ እዚህ ግራይንደር ይዘሃል፣ ከወዲያ ደግሞ ሰው ይመታል። ረዳት ቀጠረ ብዬ ነበር።"

"መንገድ ሠሪዎቹ ናቸው" አለ ማንደፍሮ።

እንድሪስ ከማንደፍሮ ፊት ወደ መስፉ፣ ከመስፉ ወደ ፊቱ አየ። በዚያች ከተማ ዕድሜው ለጠና ሰው ያ ብረት የማን እንደሆነ ማወቅ አያስቸግርም። "ይሁን" አለና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዝምታ ቀልዶ አያውቅም፤ እሱም በሥራ ላይ ሬዲዮ መክፈት ጀመረ።

ማንደፍሮ ሥራውን መተው ይችል ነበር። አልቻልኩም ብሎ ብረቱን መመለስ ነው። ለራሱም ይህን ደጋግሞ ይነግረዋል። ነገር ግን ማታ ቤቱ ገብቶ ከሚስቱ ከእልፍነሽ ጋር ገበታ ሲቀርብ፣ እጁ ላይ የቀረው ዝገት ታጥቦ አልለቅ ሲለው፣ ካልጠገንኩት በምን እተኛለሁ ይላል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ነገር እንኳ፣ ለዚያ ሰው ልሥራለት። ይህ ሐሳብ ንጹሕ ይመስለውና ወዲያው ደግሞ ያሳፍረዋል፤ የሞተን ሰው በብረት መካስ የሚሞክር ሌላ ማን አለ?

የመበየጃው ቀን ደረሰ። ሲበርድ እንዳይሰነጠቅ ወፍራም ብረት በደንብ መሞቅ አለበትና ማንደፍሮ መስፉን በከሰል ከበበው። ውኃ ጠብ ሲያደርግበት ተንጫጭቶ እስኪተን ድረስ አጋለው። ኤሌክትሮዶቹን አደረቀ፤ ጭምብሉን አወረደ። በጭምብሉ መስታወት ውስጥ ዓለም ጨለማ ነው፤ የሚታየው የብየዳው እሳት የሚያበራው መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ናት። ማንደፍሮ ይህን ጨለማ ይወደው ነበር። ከስንጥቁ ሥር ጀመረ፤ የቀለጠው ብረት እንደ ማር እየሞላ፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ እየተደራረበ ወደ ላይ ወጣ። ሥራው ያምር ነበር።

ጠርዙ ላይ ሲደርስ ነው ያየው። ከእሳቱ ወዲያ፣ ብርሃኑ ደክሞ በሚያልቅበት በኩል፣ ሁለት እጆች መስፉን ይዘውታል። በጣቶቹ መሃል አመድ የተሞላ፣ ጥፍራቸው የጠቆረ የሽማግሌ እጆች ናቸው፤ ተማሪው በደንብ እንዲመታ ብረቱን አደላድሎ እንደሚይዝ መምህር አጥብቀው ይዘውታል። ከእጆቹ በላይ የቆዳ ሽርጥ ጠርዝ ትታያለች፤ ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። ያ ብረት የያዘውን ሁሉ ሥጋ የሚያቃጥል ነበር። እጆቹ ግን አልተነቃነቁም።

ማንደፍሮ ጭምብሉን ወደ ላይ ወረወረው። ከሰል፣ ጭስ፣ የቆርቆሮ ግድግዳ፤ ከበሩ ውጭ ነጭ ጉም። ማንም የለም። ከንፈሩ ደርቆ፣ "ጋሼ…" አለ፤ የቀረውን ሊለው አልቻለም። ሥራው ግን መሃል ላይ ቢቋረጥ ብረቱ ይሰነጠቃል። ጭምብሉን መልሶ አወረደው። እጆቹ እዚያው ነበሩ። ማንደፍሮ ዕንባው በጭምብሉ ውስጥ እየወረደ፣ የያዙለትን ብረት በይዶ ጨረሰ።

ቀስ ብሎ እንዲበርድ በአመድ ቀበረው። ብረቱ በርዶ መገኘት በነበረበት ጠዋት አመዱን ቢገልጥ ገና ትኩስ ነው፤ በአመዱ ላይ ደግሞ በአንድ በኩል ጎድጎድ ያለ ምልክት አገኘ፤ እሳት ዳር ተቀምጦ እጁን የሚያሞቅ ሰው መዳፉን ያሳረፈበት የሚመስል። በዚያ ቀን ድምፁ ከኩርባው አልመጣም። ከእንድሪስ ቤት ጓሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሳስቶ በነበረበት ሰዓት፣ የገዛ ቤቱ የጀርባ ቆርቆሮ ተመታ፤ በሰው ትከሻ ቁመት፣ ሳይቸኩል። ማንደፍሮ ዞሮ ሄዶ አየ። ቆርቆሮው ላይ የእርጥብ ጭቃ ማህተም ነበረ፤ የወንዝ ዳር ቀይ አሸዋ ያለበት። በውኃ አጠበውና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀምና።

የመስፉን ፊት ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ ቀንዱን ቀጥሎ፣ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከአሮጌ የመኪና ኩሽኔታ ያወጣትን የብረት ኳስ ከክንዱ ቁመት ጣላት፤ ኳሷ ነጥራ ወደ እጁ ልትመለስ ምንም አልቀራት። ጤነኛ ብረት እንዲህ ነው። ከዚያ ትንሿን መዶሻ አነሳ። ብዙ ጊዜ እያወዛወዘ ቆየ። በመጨረሻ መታ።

ድምፁ ተመለሰ። ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ዘፈን ያለበት፤ ማንደፍሮ ወጣት ሆኖ ከሰል ተሸክሞ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከሩቅ የሚቀበለው ያ ድምፅ ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ መልሱን ጠበቀ። አልመጣም። እንደገና መታ፤ ጠበቀ። ቆርቆሮው ዝም፤ ኩርባው ዝም፤ ገደሉ ዝም። ጣሪያው እንኳ አልተንጠባጠበም። ማንደፍሮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ይቅር አለኝ ብሎ ነው።

ያን ምሽት እልፍነሽ ከእሳቱ ማዶ ሆና ስታየው ቆየች። "ቆዳ ቆዳ ትሸታለህ" አለችው።

"የሥራ ሽታ ነው።"

"አንተ የቆዳ ሥራ የለህም።" ወጡን አወረደች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ምን እንደሆነ አልጠይቅህም፣ ማንዴ። ከተጋባን ጀምሮ ክረምት በመጣ ቁጥር ስትከሳ አያለሁ፤ ጠይቄህ አላውቅም። ግን ልትነግረው የሚገባህ ሰው ካለ ሂድና ንገረው። እዚህ ቤት ውስጥ እየከበደ ነው" አለችው።

"ምኑ?"

"እኔ ምን አውቄ። አየሩ" አለች፤ ትከሻዋ ላይ ጋቢ ደረበች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ መስፉን በባጃጅ አስጭኖ ወደ ሥረ ገደል ወረደ። በጉም መካከል አንዲት ጠባብ ሰማይ ተከፍታ ነበር። ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሾፌሩ የኋላ ማያ መስታወቱን ደጋግሞ ያስተካክላል፤ ያይና ያስተካክላል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን አዞረው። ማንደፍሮ ይህን አላስተዋለም። የሚናገረውን ነገር በአፉ ውስጥ እያገላበጠ ነበር። ለዓመታት ተሸክሞት የኖረው ነገር በጥቂት ቃላት ማለቁ ገረመው።

አስካለ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ብረቱን አውርደው ወደ ውስጥ ሊያስገቡላት ሲሉ፣ "ተዉት፣ እዚያው ደጅ ይሁን" አለች። ሾፌሩ ሒሳቡን እንኳ ሳይጠይቅ ባጃጁን አዙሮ ሄደ።

"ድምፁ ተመልሷል" አለ ማንደፍሮ።

"ሰምቼዋለሁ። ትናንት እስከዚህ ደርሷል።"

"አስካለ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ።" ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመቀው። "ያን ሌሊት አባትሽ ቤቱ ነበር። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሲጠይቁኝ አልነበረም አልኳቸው። በኋላም ከታች ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ። እኔን እንደሚጠራ አውቃለሁ። አልወረድኩም።"

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ትመታኛለች ብሎ ተመኘ። አስካለ ግን በነጠላዋ ጫፍ የመስፉን ፊት ትወለውል ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር፤ ከድካሙ ሥር ደግሞ ሊገባው ያልቻለ አንድ ዓይነት እፎይታ።

"መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው" አለች።

"ምን?"

"ምንጩ ጋ። ከአንተ በፊት። ተኝቼ ነበር፣ አላየሁትም አልኳቸው። አልተኛሁም። መጋረጃው ኋላ ሆኜ ግንባሩን ስታብስ ሳይህ ነው ያደርኩት።" እጇ ብረቱ ላይ ቆመ። "ገመድ ነበረን፣ ጋሼ ማንደፍሮ። ከገበያ የተገዛ አዲስ ገመድ፤ እስከ ወንዙ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየሁት፣ እሱ ሲመታ፣ እሱ ሲመታ፣ እስኪያቆም ድረስ ተቀምጬ ዋልኩ።"

ጉሙ በቤቱ ጥግ ዞሮ ወደ ደጃፉ ገባ።

"ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አመሻሽ ላይ በዚያው ምት በሬን ይመታ ነበር" አለች። "ባሌ ነፋስ ነው ይላል። ልጆቼን እህቱ ቤት ነው የማሳድራቸው። ጠበል ሄጃለሁ፤ ያልሞከርኩት ነገር የለም። ብረቱ ሲገኝ ነው የገባኝ። ያ ምት እኔን መጥሪያ አልነበረም። እኔ ልጁ ነኝ፤ እኔን በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ያንተን ቤት አያውቀውም እንጂ የሚፈልገው አንተን ነው። አንተ ስትመታው ሰምቶ መንገዱን ያገኛል ብዬ አመጣሁልህ። ካመጣሁልህ ቀን ጀምሮ በሬን የመታው የለም።"

"አስካለ…" አለ ማንደፍሮ። "እኔም ጋ እኮ ቆሟል። ከጨረስኩት ወዲህ አልጠራኝም።"

"የደረሰ ሰው ለምን ይጣራል?"

ይህን ብላ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፤ አንድ እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያም ዓይኗን ከማንደፍሮ ፊት አንስታ ከትከሻው በላይ አሻግራ ተመለከተች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚያደርገው ጎንበስ አለችና፣ "ከእንግዲህ እሱ ቤት ይደሩ፣ አባባ" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።